«ወይ ታመዋል፣ ወይ ድነዋል»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የጋዜጣችሁ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ ገዝቶ ይመጣል፤ እሱ የስፖርቱን ገጽ ይወስዳል፣ ቀሪው የኔ ነው።

በዓለም የካንሰር ቀን ሰሞን፣ ጥር 27 አካባቢ፣ ስለ ካንሰር ያወጣችሁትን አነበብኩ። ቶሎ መመርመር ነፍስ ያድናል ይላል። ልክ ነው። የመድኃኒት ዋጋ አይቀመስም ይላል። እሱም ልክ ነው። ግን ጽሑፉ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አንዱ አልጋ የያዘ፣ ጸጉሩ የረገፈ ታማሚ። ሌላው «ካንሰርን ድል የነሳ»። እኔ ከሁለቱም ውስጥ የለሁበትም። ጸጉሬ አለ። አልጋ ላይም አይደለሁም። በየቀኑ አንድ ኪኒን እውጣለሁ፣ ሥራዬን እገባለሁ፣ ከምሳ በኋላ ግን እጄን ማንሳት የሚያቅተኝ ቀን አለ። እንደኔ ስላለ ሰው ሲጻፍ ስላላየሁ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በሽታዬ የደም ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይሉታል፣ ሲያሳጥሩት ሲኤምኤል። መጀመሪያ ጨጓራ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ሦስት ጉርሻ እንደበላሁ እጠግባለሁ። ግራ ጎኔን ይከብደኛል። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበኛል። ተልባውንም አብሹንም ጠጣሁ፣ የጨጓራ መድኃኒት የሚባል አልቀረኝም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ሆዴን ዳበሰችና «ይሄ ጨጓራ አይደለም፤ ያበጠው ጣፊያሽ ነው» አለችኝ። ደም አሰጠችኝ። የጤነኛ ሰው ነጭ የደም ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ4 ሺህ እስከ 11 ሺህ ገደማ ነው። የኔ ከ200 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ላብራቶሪዎቹ ማሽኑ የተሳሳተ መስሏቸው ደግመው ቀዱኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ዘመድ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለሆነ። ይህ በሽታ በዘር አይተላለፍም። ተላላፊም አይደለም። መነሻው መቅኔ ውስጥ ነው። ሁለት ክሮሞዞሞች፣ 9ኛውና 22ኛው፣ ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ከዚያ የሚወለደው ፕሮቲን «ደም አምርቱ፣ አምርቱ» እያለ ያለማቋረጥ ያዛል። ያጠረው ክሮሞዞም መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ስለሆነ በከተማዋ ስም ነው የሚጠራው። ልጄ ወደፊት ስታገባ «እናቷ የደም ካንሰር ነበረባት» ብሎ የሚሸሽ ካለ፣ ይቺን አንቀጽ ቆርጣ ታሳየው።

መድኃኒቱ ኢማቲኒብ ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ግሊቬክ በሚለው ስሙ ነው። ያንን አዛዥ ፕሮቲን ይዘጋዋል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ይህ በሽታ መቅኔ ላልተተካለት ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ የሚገድል ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አምራቹ ኖቫርቲስ ማክስ ፋውንዴሽን ከሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆኖ መግዛት ለማይችሉ አገሮች ታማሚዎች በነፃ መስጠት ጀመረ። አገራችን ውስጥም ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ነው በሕይወት ያለው። ስለዚህ የምጽፈው ኪኒኑን ለማማረር አይደለም። ኪኒኑ ባይኖር ይህን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰውም የለም። የምጽፈው ኪኒኑ ስለሚያመጣው ድካም ነው።

የሥራ ድካም አውቃለሁ። ሠርግ ደግሼ አውቃለሁ፣ ልጅ አሳድጌያለሁ። እሱ ሲተኙ ይወጣል። ይሄኛው ተኝቼ ስነሳ አብሮኝ ይነሳል። ከሠራሁት ሥራ ጋርም አይመጣጠንም። ሽንኩርት ከትፌ ብቻ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም የዋልኩ የምመስልበት ጊዜ አለ። አእምሮንም ይይዛል። የማውቀው ሰው ስም ይጠፋብኛል፣ ያነበብኩትን መስመር መልሼ አነባለሁ። ሌሊት ደግሞ ባቴን ይጨመድደኛል፣ ከእንቅልፌ ያስነሳኛል፤ ይህም የመድኃኒቱ ነገር ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የሚባል ነገር የለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያውም ሌሊት። ድምፁ ሲሰማ ተነስቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን መሙላት ነው። ድሮ ይህን ሁሉ ሳላስበው ነበር የማደርገው። አሁን ሁለተኛ ፎቅ ስደርስ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ስልክ የማነብ እመስላለሁ። ስልኩ ላይ ግን ምንም የለም።

ይብስ የሚያናድደው ደግሞ መልኬ ነው። ኢማቲኒብ ፊት ያሳብጣል፣ በተለይ ጠዋት ዓይን ሥር። ለሚያየኝ ሰው ግን ወፍሬያለሁ፣ ተመችቶኛል። የባለቤቴ እህት ለበዓል ስትመጣ ጉንጬን ይዛ «ወይኔ እንዴት አምሮብሻል! ምን እየበላሽ ነው?» አለችኝ። ሳቅሁ። ምን ይባላል? ትንሽ ቆይታ ግን እንጀራ ከሱቅ እንደምገዛ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። «ተመችቶሽ እያለ፣ እንጀራ ገዝተሽ?» አላለችም፤ ማለት የፈለገችውን ግን ሰማሁት። ምጣድ ፊት ቆሞ እንጀራ መጋገር ለደከመው ሰው ምን እንደሆነ በእጁ የጋገረ ያውቀዋል። የምገዛው እንጀራ አንዳንዴ ይሻግታል፣ አንዳንዴ የጤፍ ይሁን የምን አይታወቅም። እሱን ችዬ እየበላሁ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

የምሠራበት ድርጅት የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ነው። ቧንቧ፣ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ። እኔ የስቶር ሠራተኛ ነኝ። የስቶር ሥራ ቁልፍ ይዞ መቀመጥ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዕቃ ሲገባ ቆሜ እቆጥራለሁ፣ ከደረሰኙ ጋር አመሳክራለሁ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ቢን ካርድ፣ የዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ (ባላንስ) የሚጻፍበትን ካርድ፣ እሞላለሁ። ደንበኛ ዕቃ ሊወስድ ሲመጣ ያንኑ ከላይ እስከ ታች እደግመዋለሁ። ሰኔ 30 ሲደርስ ደግሞ የዓመቱ ቆጠራ አለ። ኦዲተሮቹ ይመጣሉ፣ መሰላል ይቆማል፣ እስከ መጨረሻዋ ማጠፊያ ድረስ ይቆጠራል። ዓመቱን ሙሉ ከበሽታዬ ይልቅ ይህን ሳምንት ነው የምፈራው። የኔ ጉልበት ገቢ ሳይመዘገብበት ወጪ ብቻ የሚጻፍበት ቢን ካርድ ሆኗል። ባላንሱ ጠዋት ላይ ትንሽ ይታያል፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ያልቃል።

እሱን ስላወቅሁ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብቼ ስምንት ሰዓት ልውጣ፣ ደመወዜም በዚያው ልክ ይቀነስ አልኩ። ልብ በሉ፣ ሙሉ ደመወዝ አልጠየቅሁም። የሰው ኃይል ክፍል ኃላፊው ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ ክፉ ቃል ወጥቶት አያውቅም። ወረቀቱን አገላብጦ አየውና «እትዬ፣ ወይ ታመዋል፣ ወይ ድነዋል። በመሃል ያለ ፎርም የለንም» አለኝ። ማሾፉ አልነበረም። እውነቱን ነው። ፎርም የለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ፈልጌ አነበብኩት፣ ቁጥር 1156/2011ን። የሕመም ፈቃድ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ነው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጥሎ ላሉት 2 ወራት 50 በመቶ። ከዚያ በኋላ ላሉት 3 ወራት ምንም። ለተሰበረ እግር ወይም ቀዶ ሕክምና ላደረገ ሰው ክፉ ሕግ አይደለም። ተኝቶ፣ ድኖ፣ ይመለሳል። እኔ ግን ኪኒኑን የምውጠው ለ6 ወር አይደለም። ሐኪም ካላስቆመኝ በቀር ዕድሜ ልኬን ነው። ዛሬ 6 ወር ወስጄ ቤት ብተኛ በ7ኛው ወር ያው ድካም፣ ያው ኪኒን፣ ያውም ደመወዝ የሌለው ኪስ ነው የሚጠብቀኝ። ለክትትል ስሄድ ደግሞ ከዓመት ፈቃዴ ላይ ነው የምቆርጠው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሌላው ሰው አገሩ ሄዶ እናቱን ጠይቆበት ይመጣል፤ እኔ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው የምጨርሰው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅም አለ፣ ቁጥር 568። አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን እስቲ አንዲት ፊቷ ያበጠ፣ ቀይ ቀይ የምትል ሴት «ድካም አካል ጉዳት ነው» ብላ ቢሮ ስትገባ አስቡት።

ይህን ሁሉ የምለው አሠሪዬ ጨካኝ ነው ለማለት አይደለም። መሃሉን ማየት እንደሚቻል ስላየሁ ነው። ያየሁትም በሰፈራችን ዕድር ነው።

የብሎካችን ሴቶች ዕድር ሕጉ ጥብቅ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ተራዋ የሆነች ሴት ውሃ ትቀዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ሰሃን ታጥባለች። የቀረች ትቀጣለች። መድኃኒቱን ከጀመርኩ በኋላ ተራዬ ሲደርስ አንድ ሁለቴ ልጄን ላክሁ። ልጄ ግን የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፣ እሷን ስንቴ እልካለሁ? እፈራ እፈራ ለሰብሳቢዋ ነገርኳቸው። እማማ ነው የምንላቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመን ነው። አዋጅ አልጠቀሱም። የሐኪም ወረቀትም አልጠየቁኝም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጥልሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው አልኳቸው። «በይ እንግዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጣሽ መዝገቡን ያዢ። ቁጭ ብለሽ የመጣውንና የቀረውን ጻፊ። ስቶር አይደል እንዴ የምትሠሪው?» አሉኝ። አለቀ። ከአጠገባቸው የነበረች ጎረቤቴ «ታዲያ ቅጣት ልትጽፍብን ነው!» ብላ ሳቀች። ልክ ናት፣ እጽፍባታለሁ።

እንግዲህ ዕድር ያገኘውን ድርጅት ለምን አላገኘውም? ዕድሩ የኔን ጠዋት ተጠቀመበት። ድርጅቱ ደግሞ ከሰዓት በኋላዬን እጠብቃለሁ ብሎ፣ ቁጥር በተምታታበት ዓይን ቀለም ያስቆጥረኛል። እኔ እንኳ ከሰባት ሰዓት በኋላ የቆጠርኩትን ሁሉ ሁለቴ ነው የምቆጥረው። ለማን ነው የሚጠቅመው?

ስለ ሕክምናው ጥቂት ልጨምር፤ ይህን ደብዳቤ እንደኔ ኪኒን የሚውጥ ሰው ሊያነበው ስለሚችል።

ሐኪም ፊት ስንቀርብ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። «እንዴት ነሽ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ሐኪሙ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው ያያል፣ ደህና ናት ብሎ ይጽፋል፣ መድኃኒቱን ያዛል። ድካም በደም ምርመራ ወረቀት ላይ አይወጣም። ካልተጠየቀ አይነገርም፣ ካልተነገረ አይታከምም። የኔ ነገር የተለወጠው አንዲት ነርስ «ምንም ድካም የሌለው 0፣ ከዚህ የባሰ የለም የሚባለው 10 ቢሆን፣ ያንቺ ስንት ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። «8» አልኳት ሳላስበው። ቁጥር የሥራዬ ቋንቋ ነው መሰለኝ፣ ከቃል ይልቅ ቀለለኝ። እሷ 8 ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። ሐኪሙ ያንን አይቶ «ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አለኝና ምርመራ አዘዘ። ሄሞግሎቢን፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ 12። እንቅልፌን ጠየቀኝ፣ ሆዴ ይባባ እንደሆነም ጠየቀኝ።

የደም ማነስ ተገኘብኝ። መድኃኒቱ በሽተኛውን ደም ሲቆጣጠር ቀዩንም አንዳንዴ ይቀንሰዋል። የወር አበባም አለ፣ የአይረን ማነስም አለ። አይረን ታዘዘልኝ። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲወሰድ ምግብ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳያገኘው እንደሚያደርግ የሰማሁትም ያኔ ነው። ቡና እንዴት እተዋለሁ! አልተውኩም። ግን ጠዋት አቦሉን ብቻ፣ ከምግቡ ራቅ አድርጌ እጠጣለሁ። ከሰዓት በኋላ ቶናና በረካ ሲባል ጎረቤት ቤት ቁጭ ብዬ ወሬ እሰማለሁ፣ ስኒው ግን ያልፈኛል። ሌሊት እንቅልፍ ስለሚነሳኝ። ከወራት በኋላ ያቺው ነርስ ስትጠይቀኝ 5 አልኳት። 5 ማለት መዳን አይደለም። ግን አራተኛ ፎቅ ስወጣ ግድግዳውን የምደገፈው አሁን ሦስተኛው ላይ ነው።

ኪኒኔ 400 ሚሊ ግራም ነው። ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ነው የሚዋጠው፣ ያለዚያ ጨጓራ ይነካል። ድሮ ጠዋት እውጠው ነበር፤ ማቅለሽለሹና ድካሙ ሥራ ቦታ ይይዘኛል። ሐኪሙን አስፈቅጄ ወደ እራት አዞርኩት። ማቅለሽለሹ አሁን በእንቅልፌ ያልፋል። በጾም ጊዜም ተመቸኝ። የነፍስ አባቴ ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ አይደለም ብለውኛል፤ ቤተ ክርስቲያንም የምታስተምረው እንደዚያ ነው። እኔ ግን ሁዳዴን ከሥጋና ከወተቱ እከለከላለሁ፣ ጠዋት ግን እበላለሁ፣ ሽሮና ምስር አይጠፋም። ክትትል ላይ የማውቃት አንዲት እህት ደግሞ በረመዳን ኪኒኗን ከአፍጥር ጋር ነው የምትውጠው። እሷም ሐኪሟን ጠይቃ ነው። ጸበል የሚሄዱም አሉ። እኔም እሄዳለሁ። ግን በባዶ ሆድ ጸበል ጠጥቶ ኪኒኑን መተው ሌላ ነገር ነው። በኤችአይቪው ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ማስተማራቸውን እኔ አልረሳሁም።

በእግር መሄድን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ደክሞኛል ላለ ሰው «ተራመድ» ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩ ግን እውነት ነው። ለካንሰር ድካም ከተሞከረው ሁሉ ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ነገሮች አንዱ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ብዙ አይደለም። ከታክሲው አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ ቀስ እያልኩ ወደ ሥራ እሄዳለሁ፣ ጠዋት ነው፣ ባላንሱ ባለበት ሰዓት። እሁድ ከልጄ ጋር እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግራችን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ስቶሩ ጥግ ካርቶን ላይ ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ። ከዚያ ካስበለጥኩት ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጥበቃው ጋሼ ሰው ሲመጣ በሩን ያንኳኩልኛል።

እቤት ውስጥ ደግሞ ውሃው የባለቤቴ ሆኗል። ማጉረምረሙ አልቀረም፣ ግን ይነሳል።

በዚህ ሁሉ መሃል የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። ድካሙን አልችል ብለው ኪኒኑን በራሳቸው የሚቀንሱ አሉ። አንድ የማውቀው ወጣት ሹፌር ነው። መሪ ላይ ሲያንቀላፋ ጊዜ ፈራ። ቀን እየዘለለ መዋጥ ጀመረ። እውነት ነው፣ ቀለለው። ከዚያ ግን ቢሲአር-ኤቢኤል የሚሉት፣ የበሽታውን መጠን የሚለካው የደም ምርመራ ቁጥሩ ወደ ላይ ወጣ። ይህ በሽታ መድኃኒቱ ሲቆራረጥበት ይለምደዋል፣ ኪኒኑ የማይዘጋው ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ልጁ አሁን ወደ ሌላ መድኃኒት ተዛውሯል፣ ተርፏል። አለቃው ለጊዜው የከተማ ውስጥ አጭር መስመር ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ኪኒኑን አይነካውም ነበር። ሐኪም እያየ መጠን የሚቀነስበት፣ መድኃኒት የሚቀየርበት መንገድ አለ። በሌላ አገር ደምን በየጊዜው በጥንቃቄ እየመረመሩ መድኃኒቱን የሚያስቆሙላቸውም አሉ። በራስ ፈቃድ ግን አይሆንም። የሀገር ባህል መድኃኒትም ቢሆን ሳይጠይቁ መደባለቅ አደጋ አለው፤ ኢማቲኒብ በጉበት በኩል ነው የሚያልፈው፣ ግሬፕፍሩት እንኳ ይከለከልበታል።

እንግዲህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አዋጅ እስኪሻሻል አልጠብቅም፣ ዕድሜ ይፈልጋል። አዋጁ ከሚሰጠው የተሻለ ነገር በኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በሚፈራረሙት ውል፣ መዋዋል ይቻላል። እኛ ድርጅት ውስጥ ሠራተኛ ማኅበር አለ፣ የስምምነቱ ዘመንም ሊያልቅ ተቃርቧል። ሊቀመንበሩን አነጋግሬዋለሁ። «ለረጅም ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ ሰዓቱ ተቀንሶ፣ ደመወዙ በዚያው ልክ ተሰልቶ ይሠራል» የሚል አንቀጽ ይግባ ነው ያልኩት። ሊቀመንበሩ «አሠሪው ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል፣ አለ ወይ?» አለኝ። አንቀጹ ለካንሰር ብቻም አይደለም። የኩላሊት እጥበት ያለበት አለ፣ የልብ ሕመምተኛ አለ፣ ስኳር ያለበት አለ።

ስለዚህ በጋዜጣው በኩል አንባቢን ልጠይቅ። የምትሠሩበት ድርጅት፣ ባንክም ይሁን ፋብሪካ ወይም እርሻ፣ እንዲህ ያለ አንቀጽ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ካለው እባካችሁ ቃል በቃል ገልብጣችሁ ለዝግጅት ክፍሉ ላኩልኝ። ከኢሠማኮ፣ ከሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ፣ የምታነቡ ካላችሁ እናንተ ዘንድ መኖር አለበት። ድርድሩ ከሰኔ ቆጠራ በፊት ነው የሚጀመረው፣ ባይዘገይ ደስ ይለኛል።

ስሜን አታውጡብኝ። አለቆቼም ጋዜጣችሁን ያነባሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስቶር ሠራተኛዋ፣ ከአዲስ አበባ